ግድግዳው ውስጥ የቀረው ሰው

ከቤቴ ፊት ለፊት ባለ አራት ፎቅ እየተሠራ ነው። ጎንደር እንዲህ ሆናለች፤ ትናንት ጎመን የበቀለበት ላይ ዛሬ ብረት ይቆማል። ጠዋት ጠዋት ማደባለቂያዋ ማኪና መዞር ስትጀምር ተነሥቼ መስኮቴን እዘጋለሁ። ጩኸቱን ጠልቼ አይደለም። ሠላሳ ዓመት በግንበኝነት ለኖረ ሰው ጩኸት ምኑ ነው? ሽታውን ነው የምሸሸው። ውሃ የነካው ሲሚንቶ ሽታ። ሰው ሲሚንቶ አይሸትም ይላል፤ ይሸታል። ከዋሻ እንደሚወጣ አየር ቀዝቀዝ ያለ፣ አፍንጫ ሥር የሚቀመጥ ሽታ አለው። እሱ በመጣ ቁጥር እዚህ ወንበሬ ላይ ቁጭ እንዳልሁ አፋፉ ላይ ነኝ።

አፋፉን አታውቀው ይሆናል። ከጎንደር ወደ ሰሜን ወጥተህ፣ ዳባትን አልፈህ፣ ደጋው ከእግርህ ሥር ተቆርጦ መንገዱ ወደ አዲ አርቃይ ቁልቁል መውረድ ሳይጀምር በፊት አንድ ጉብታ አለ። ጣሊያን እዚያ ላይ ምሽግ ነበረው። አሁን የቀረው ሊፈርስ ያልቻለው ሲሚንቶው ብቻ ነው፤ ሁለት ሦስት የመትረየስ ቀዳዳ። ዝንጀሮ ይቀመጥበታል። ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ስሄድ ማኪናው እዚያ ላይ ቆመልንና አንድ አስጎብኚ ልጅ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎችን ይዞ ሲያስረዳ ሰማሁት።

«ይህን ጣሊያን ነው የሠራው» ይላል።

ዝም ብዬ ማለፍ ነበረብኝ። አፌ መቼ እሺ ብሎ። «አንተ ልጅ፣ ጣሊያን ድንጋይ ሲሸከም ያየኸው የት ነው?» አልሁት።

«አባባ፣ አሠራው ለማለት ፈልጌ ነው» አለና ሳቀ።

ለማለት ከፈለገ ለምን አይለውም? ሰዎቹ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሡ፤ እኔንም ከቀዳዳው ጋር አነሡኝ። የማን አባት እዚያ እንደነበረ የጠየቀኝ የለም። አንተ ጠየቅኸኝ፤ እንግዲህ ስማ። ስትሰማ ግን ነገሩ ጥርት ብሎ ይወጣልኛል ብለህ አትጠብቅ። ለእኔም አልጠራልኝም።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ንጉሡ የወረዱ ሰሞን ነው። የደብራችን ቅጥር ፈርሶ ጅብ መቃብር እየቆፈረ አስቸግሮን ነበር። ትናንት የቀበርኸውን ሰው ዛሬ ጠዋት ሄደህ እንደገና አፈር ማልበስ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ሽማግሌዎች መከሩና ከጎንደር አንድ ግንበኛ አስመጡ። ግንበኛው አጭር፣ ቀይ፣ ተጫዋች ሰው ነበር። ወንዙን አየ፣ ዳገቱን አየ፣ የእኛን አህዮች አየና፣

«ከዚያ ታች ድንጋይ እስክታወጡ እኔ አርጅቼ እሞትላችኋለሁ» አለ። ከዚያ በአገጩ ወደ ጉብታው አመለከተ። «ተጠርቦ፣ ተስተካክሎ ተቀምጦላችሁ የለም እንዴ? ያን ክፉ ጣሊያን አንድ ቀን እንኳን ደግ አድርጉት።»

ነገሩ ለሁሉም ጣመው። የካቲት ነበር፤ እህሉ ገብቷል፣ ሰው ሥራ ፈትቷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰብስበው ማክሰኞ በደቦ ወጥተን ምሽጉን እናፍርስ፣ ድንጋዩን እናምጣ ተባለ። ቄሱ ሊመርቁ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። አባቴ ከኋላ ተነሣ።

አባቴ በስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም። ቤት ውስጥም ቢሆን ከበሬው ጋር የሚያወራው ከእኛ ጋር ከሚያወራው ይበልጥ ነበር።

«ከዚያ ላይ አንድ ድንጋይ አይነሣም» አለ።

«ምነው?» አሉት ቄሱ። የነፍስ አባታችን ናቸው፤ ከእኔ መወለድ በፊት ጀምሮ ቤታችን ይገባሉ።

«አይነሣም፣ አባ። ከወንዝ እናምጣ። የእኔን ድርሻ እጥፍ አመጣለሁ።»

ይህን ብሎ ቢቀመጥ ምናልባት ያልፍ ነበር። ግን አልተቀመጠም፤ ምክንያቱንም አልተናገረም፤ ዝም ብሎ ቆመ። ከፊት የተቀመጠው የአርበኛው ልጅ ዞረ። አባትየው በጣሊያን ጊዜ ጫካ የገባ፣ ስሙ የሚጠራ ሰው ነው፤ ልጁ ደግሞ ከአባቱ ጀግንነት ሌላ ሥራ አልነበረውም።

«አያ፣ ምን ሆኑ?» አለ፣ አንቱታውን እያስረዘመ። «ጣሊያኑ ተመልሶ ሲመጣ ማደሪያ እንዳያጣ ብለው ነው?»

ሰው ሳቀ።

«አባቴ ጫካ ሲያድር አንቱ እዚያ ላይ የጣሊያን ዳቦ እየበሉ ሲገነቡ ነበር ይላሉ። የገዛ ሥራዎ ሆኖ አሳዝኖዎት ይሆናል።»

አሁንም ሳቁ። አባቴ ከንፈሩን ነከሰ። ያኔ ከዛፉ ሥር አንድ ሰው ቀስ ብሎ «ባንዳ» አለ። ማን እንዳለው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የምጠረጥራቸው ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ሞተዋል፤ ሦስተኛው ለለቅሶ ስሄድ አቅፎ ይስመኛል።

አንተ በከተማ ያደግህ ነህና ያች ቃል ቀላል ትመስልህ ይሆናል። በእኛ አገር ለዘር ትተርፋለች። ልጅህ ሚስት ሲጠይቅ ቀድማው ትደርሳለች። እኔ በዚያው ዓመት ሽማግሌ ላስልክ የማስባት ልጅ ነበረች። ስለዚህ ላባቴ አዝኜ ነው ብዬ አልዋሽህም። ለራሴ ነው የደነገጥሁ። ቤት እስክንደርስ ከአባቴ አሥር እርምጃ ቀድሜ ሄድሁ፤ አብረን የማንሄድ እንዲመስል።

ምሳ ሳይበላ ጋቢውን አንሥቶ «ተነሥ» አለኝ። ወደ ጉብታው ወጣን። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ ከጀርባችን ናት፣ ከአፋፉ በታች ያለው ቆላ ሁሉ ሰማያዊ ጭስ መስሎ ይታያል። የረገጥነው ጦስኝ ይሸታል። ነፋሱ እዚያ ላይ ሁሌም አለ፤ ዝም ብሎ ከታች ወደ ላይ ይነፍሳል። ምሽጉ ውስጥ ስንገባ ግን ነፋሱ ተቆረጠና ያ ሽታ መጣ። ስንት ዓመት ዝናብ ሲወርድበት የኖረ ሲሚንቶ ነው፤ ጥላው ውስጥ አሁንም እርጥብ ነበር።

«ባሬላ ታውቃለህ?» አለኝ።

ያኔ አላውቅም ነበር። ኋላ የእንጀራዬ ዕቃ ሆነ። በሁለት ረጅም እንጨት ላይ ሳንቃ የተመታበት፣ አንድ ሰው ፊት፣ አንድ ሰው ኋላ ሆኖ ድንጋይ የሚሸከምበት ነው። አባቴ በእጁ አየር ላይ ሠርቶ አሳየኝ። ጣሊያን ከየቤቱ አንድ ሰው ሲያስወጣ ከእኛ ቤት የወጣው እሱ ነው፤ ያኔ የእኔን ያህል ነበር። ከዚህ ደብር የሄዱት ሌሎቹ መንገዱ ላይ ተመደቡ፤ እሱ ብቻ ምሽጉ ላይ ቀረ። ከእሱ ጋር ባሬላ የደረሰው ከሩቅ የመጣ ሰው ነው። ከጭልጋ ወዲያ ነኝ ብሎታል። በሥራ ላይ መነጋገር ክልክል ነው፤ ሥራውን የሚያዘው ካቦ ጅራፍ አለው። ማታ ደግሞ ሠፈራቸው ለየብቻ ነው።

«ስሙ ማን ነበር?» አልሁት።

«ፊት እለው ነበር። እሱ ኋላ ይለኛል።»

«ስሙን ነው ያልሁህ።»

«እሱን ነው የምልህ። ፊት፣ ቀስ። ኋላ፣ ደግፍ። እንዲህ ነው የምንነጋገር። ሰባት ወር ሙሉ ማጅራቱን ሳይ ነው የኖርሁ። አሁን ፊቱን ብታመጣልኝ አላውቀውም። ማጅራቱን ግን ከሺህ ሰው መሀል እለየዋለሁ።»

ከዚያ ያለውን ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ነው የነገረኝ። ግንቡ ከፍ ሲል በሳንቃ ላይ ተራምደው ነው ድንጋይ የሚያደርሱት። ሳንቃው ከዳ። ፊት ያለው ሰው ከውጭና ከውስጥ በተገነቡት በሁለቱ ግድግዳዎች መሀል ገና ወዳልተሞላው ክፍተት ወደቀ፤ ባሬላው ላይ የነበረው ድንጋይ ተከተለው። ወዲያው ነው ያለቀው፤ አልጮኸም። አባቴ ሊወርድ ሲል ካቦው ጅራፉን አነሣ። ሲሚንቶው ተቦክቷል። ከቆየ ይደርቃል፤ ከደረቀ ይባክናል። መሀሉን ሙሉት ተባለ።

«ድንጋዩን ማን አቀበለ መሰለህ?» አለ አባቴ።

ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ።

«እኔ ነኝ» አለ። ከሦስተኛው ቀዳዳ በታች ያለውን ግድግዳ በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ የበሬ ጎን እንደሚመታ። «እዚህ ነው። እዚህ ይመስለኛል።»

«ታዲያ ሠላሳ ስንት ዓመት ሙሉ ፍትሐት ሳታስደርግለት?»

«ክርስትና ስሙን ሳላውቅ ማን ብዬ ላስፈታው? ፊት ብዬ?» አለኝ። ከዚያ ለማንም እንዳትናገር አለ። ከተናገርህ ይቆፍሩታል፤ ከቆፈሩት ደግሞ ቄሱ ስሙን ይጠይቁኛል አለ። ያን ጊዜ ነው የፈራው ምን እንደሆነ የገባኝ፤ ገባኝ ስልህ ግማሹ ነው። ግማሹ ግራ ነው የገባኝ። አባቴ የተበደለ ነው ወይስ የበደለ? ከጣሊያን ጋር ሠራ ነው የሚባለው ወይስ ጣሊያን ሠራበት? ቁልቁል ስንወርድ ይህን እያሰብሁ ሁለት ጊዜ ተደናቀፍሁ።

ማክሰኞ ደቦው ወጣ። አባቴ አልሄደም፤ በራፉ ላይ ተቀምጦ ዶማዬን ተሸክሜ ስወጣ አየኝ። አትሂድ አላለኝም። ብቀር የሚሉትን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሄድሁ። ከሦስተኛው ቀዳዳ ራቅ ብዬ ከግንበኛው ጋር በሌላው ጫፍ መሥራት ጀመርሁ። የላይኛው ድርድር ቀላል ነበር፤ ዲጂኖ ሲያስገቡበት ጥርቡ ድንጋይ እየተነቀለ ይወርዳል። ሰው ይዘፍናል፣ ይሳሳቃል። የአርበኛው ልጅ ሥራ ሳይነካ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«አንተ ደግሞ የአባትህን ርስት ልታፈርስ መጣህ?» አለኝ። «ሲያይህ አያለቅስም?»

ዶማዬን አንሥቼ መቆፈሬን ቀጠልሁ።

«ይኸ ቀዳዳ እኮ ባባትህ ልክ ነው የተሠራ። እስቲ ሂድና አስለካቸው!»

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ዶማውን ጣልሁና ጮህሁ። «አባቴ ባንዳ አይደለም! እዚህ ግድግዳ ውስጥ ሰው አለ! አብሮት የተሸከመ ሰው አለ፤ ወድቆ ሲሞት ድንጋይ የሞሉበት ሰው! አባቴ እሱን ነው የሚጠብቅ!»

ዘፈኑ ቆመ። ሁሉም እኔን ያያል። ሁለት ቀን አደራ መጠበቅ ያቃተኝ ሰው ነኝ እኔ። ለምን ተናገርህ ሲሉኝ ባንዳ ስላሉት ነው እል ነበር። አይደለም። የፈለግሁት ሰውየው ተገኝቶ እኔ እንድድን ነው።

የት ነው አሉኝ፤ ሦስተኛውን ቀዳዳ አሳየኋቸው። ሁሉም እዚያው ተረባረበ። ጥርቡ ወረደ፤ መሀሉን የሞላው ኮረት ወጣ፤ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ወጣ፤ እጀታ የሌለው አካፋ ወጣ። መሠረቱ ደረሱ። ሰው የለም።

የአርበኛው ልጅ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወይ ተረት! ይህን ለሚስትህ አጫውታት። ውይ፣ ለካ ሚስትም የለህ!»

አባቴ ዋሽቶኛል አልሁ በልቤ። እዚያው ቆሜ ነው ያልሁት፤ በደንብ ነው ያልሁት። ባንዳም ሳይሆን አይቀርም አልሁ። ያችን ደቂቃ ብመልሳት እመልሳት ነበር።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ግንበኛው ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከደረጃው አጠገብ ተጣራ። ድምፁ ውስጥ ያ ቀልዱ አልነበረም። «እስቲ ኑ» ብቻ ነው ያለው።

አጥንት ነው። የቅልጥም፣ የጎድን። ከአንዳንዱ ላይ ሲሚንቶ እንደ ጭቃ ተጣብቋል። ሰው ሁሉ ባርኔጣውንና ሻሹን አወለቀ። እኔ ሮጬ ቁልቁል ወረድሁ። አባቴ እዚያው በራፉ ላይ ነው።

«ተናገርህ?» አለኝ ገና ሳልደርስ።

«ተናገርሁ።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥቶ ጋቢውን አስተካከለና ቀደመኝ፤ ቄሱን ከቤታቸው ጠርተን ሦስት ሆነን ወጣን።

ስንደርስ ክርክር ተነሥቷል። «ጣሊያን ቢሆንስ?» ይላል የአርበኛው ልጅ። «ለጣሊያን ፍትሐት ልናደርግ ነው?»

«ጣሊያን ቢሆን ጫማ ይኖረዋል» አለ ግንበኛው። «ቆዳው ቢበሰብስ ሚስማሩ ይቀራል። ይኸው አፈሩን በጣቴ ነው ያበጠርሁት። ይህ ሰው ባዶ እግሩን ነው።»

ይህን ከሰማ በኋላ ያ ሰው አፉን ዘጋ። እስከ ዛሬ የዚያ ግንበኛ ውለታ አለብኝ።

ቄሱ ወደ አባቴ ዞሩ። «ክርስቲያን ለመሆኑስ?»

«ማጅራቱ ላይ የማተብ ክር ነበረው፣ አባ። ጥቁር። ከኋላ ቋጠሮው ይታየኛል።»

«ልጅህ ያሳያቸው ግን ወዲያኛው ጋ ነው። ይህኛው እሱ ነው?»

አባቴ ጎንበስ ብሎ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። አጠገቡ ስለነበርሁ ፊቱን አይቻለሁ፤ አላወቀውም። እንዴትስ ያውቀዋል? ምናልባት ቦታውን ተሳስቶት ነው፤ ምናልባት ደግሞ ይህ ሌላ ነው፤ የሌላ ሰው ፊት፣ የሌላ ሰው ኋላ። በዚያ ግንብ ውስጥ ስንት ሰው እንደቀረ ማን ቆጠረው?

«እሱ ነው» አለ አባቴ።

«ክርስትና ስሙ?»

ነፋሱ የቄሱን ቀሚስ ያርገበግባል። ደቦው በሙሉ ይጠብቃል። አባቴ ቀና አለ።

«ወልደ ሚካኤል» አለ።

ወልደ ሚካኤል የአባቴ የራሱ ክርስትና ስም ነው። ቤታችን ያውቀዋል፤ የነፍስ አባታችን ያውቁታል፤ ሌላ ሰው አያውቀውም። ቄሱ አባቴን ዓይን ዓይኑን አዩት።

«ወልደ ሚካኤል ነው ያልኸኝ?»

«አዎ፣ አባ።»

«ራሱ ነው የነገረህ?»

«ራሱ ነገረኝ።»

አባቴ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቄሱ እንዳወቁ እኔ አውቃለሁ። አባቴም ማወቃቸውን ያውቃል። «ይሁን» አሉ።

አጥንቱን በአባቴ ጋቢ ጠቅልለን አወረድነው። በማግስቱ ፍትሐቱ ተደርጎ ደብሩ ውስጥ ተቀበረ። ወልደ ሚካኤል ሲባል በሰማሁ ቁጥር ወደ አባቴ እዞራለሁ፤ እሱ መሬት መሬቱን እያየ ቆሟል፣ በሕይወት። ባንዳ ያሉት ሰዎች እዚያው ቆመው ኪራላይሶን ይላሉ። ይቅርታ የጠየቀው የለም። ሽማግሌ ላስልክ የማስባት ልጅ ነበረች ብዬህ የለ? እሷንም ለአርበኛው ልጅ ታናሽ ወንድም ዳሯት።

እናቴ ስሙን የሰማችው ከሴቶቹ ጋር ሆና ነው። ቤት ስንገባ ደረቷን ትደቃለች።

«በቁምህ ተፈታህ! አንተ ሰውዬ፣ ምን ብትጠላኝ ነው? በቁምህ አስቀበርህ! አንተ ስትሞት በማን ስም ልትሄድ ነው?»

«ምሳዬን ስጪኝ» አላት። ሰጠችው። ከእሑድ ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው እንጀራውን ጥርግ አድርጎ በላ፤ ደግሞ ጨምሪ አላት። እሷ ከዚያ ወዲያ ወር ሙሉ በየጠዋቱ ጠበል እያመጣች ትረጨው ነበር፤ እሱም ፊቱን እየጠረገ ወደ በሬዎቹ ይሄዳል።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄዋለሁ። ቅጥሩ አልቆ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ሞፈር እየጠረበ ነበር።

«ምነው የራስህን ስም ሰጠኸው?»

መጥረቢያውን አላቆመም። «ያን ቀን ፊት የምሆን እኔ ነበርሁ። ተለዋወጡ ተብለን ነበር። እጄ ቆስሏል፣ ዛሬም አንተ ፊት ሁንልኝ ብዬ ለመንሁት። እሺ አለኝ።»

«እጅህ ቆስሎ ነበራ።»

«አልቆሰለም» አለ። ትንሽ ጠረበ። «ፊት የሚሆን ሰው ነፋሱን ይቀበላል። በርዶኝ ነበር።»

ይህን ብሎ ሞፈሩን ገለበጠው። በርዶኝ ነበር። ሰው በዚህ ይፈረድበታል?

በዚያው ዓመት ከግንበኛው ጋር ወደ ጎንደር ወረድሁ። ባሬላ ተሸክሜ፣ ኋላም ድንጋይ ማስቀመጥ ተምሬ እዚሁ ቀረሁ። ፊደል የቆጠርሁት ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ትንሽ ሲቀረኝ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት፤ አስተማሪዬ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጢሜን ይዤ ሀሁ ስል ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ሰሌዳው ትዞር ነበር። መጻፍ ያስቸግረኛል እንጂ ተማርሁ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ የላይኛው መንገድ ተዘጋ። የአባቴን መሞት የሰማሁት ከተቀበረ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በእግሬም በማኪናም ተጉዤ ለአርባው ደረስሁ።

የነፍስ አባታችን ከእሱ ቀድመው አርፈዋል። በቦታቸው ያሉት ወጣት ቄስ ናቸው፤ ከሌላ አገር የመጡ፣ ያን ምሽግ ከሩቅ እንጂ ቀርበው ያላዩ። እናቴ ጨርሳ አርጅታለች። ከለቅሶው በኋላ ሰው ሲበተን አጠገቧ ተቀመጥሁና ያ ሁሉ ዓመት የከነከነኝን ጠየቅኋት።

«በማን ስም ነው የፈቱት?»

«በስሙ ነዋ» አለች። «ሌላ ስም ከየት አመጣለሁ?»

«የተፈታበት ስም ነው ስትይ አልነበር?»

«ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ባዕድ ሰውም የሚያሳስብለት የለውም።» በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «ፊደል ተምረሃል አሉ። ነገ በቅዳሴው እንዲያስቡት ስሙን ወረቀት ላይ ጻፍና ለቄሱ ስጥልኝ። ሁለት ጊዜ ጻፈው።»

ጻፍሁት። ከደብተር የተቀደደች ወረቀት ላይ፣ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ ምላሴን ነክሼ። ወልደ ሚካኤል። ከሥሩ ደግሞ ወልደ ሚካኤል። ጠዋት ከቅዳሴ በፊት ለወጣቱ ቄስ ሰጠኋቸው። አነበቡና ፈገግ አሉ።

«ደግመኸዋል» አሉኝ። ተሳስቼ መስሏቸው ነው፤ ያልተማረ መሆኔ ከእጄ ጽሑፍ ይታያል። አንዱን ሊሰርዙ እስክሪብቷቸውን አወጡ።

«አይሰርዙት፣ አባ። ሁለት ሰው ናቸው።»

«አንድ ስም?»

«አንድ ስም ነው።»

«እሺ፤ አባትህ የትኛው ናቸው?»

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። የላይኛው ተጣሟል፤ የታችኛው እጄ ሲለምድ የተጻፈ ስለሆነ ሸጋ ሆኖ ወጥቷል። አባቴን ብዬ የጻፍሁት የትኛውን እንደሆነ አላስታውስም። ቄሱ ይጠብቃሉ፤ ደወሉ ተደውሏል።

«እኔም አላውቅ» አልኋቸው። «ሁለቱንም ይጥሩልኝ።»